«ጀማሪ ነኝ» ማለት ስንት ያስከፍላል?

በሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ከሁሉም የሚወደደው ነገር መደርደሪያ ላይ አይገኝም፤ ከገዢው አፍ ነው የሚወጣው። «እኔ እንኳ ጀማሪ ነኝ» የምትለዋ ንግግር ናት።

ይህችን የሰማ ባለሱቅ ፊት ላይ ሁለት ስሜት አንድ ላይ ይነበባል። አንዱ ርኅራኄ ነው፤ ሌላውን ሒሳብ ሲከፍሉ ይደርሱበታል። ወዲያው መሰላል ላይ ይወጣና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አንድ የሚያብረቀርቅ ኪቦርድ ያወርዳል። 61 ቁልፍ አለው፤ ከቁልፎቹ በላይ እንደገና ሌላ የመጫኛ መዓት ተደርድሯል፤ መሐል ላይ ሰማያዊ ብርሃን የሚተፋ ስክሪን አለ። «ስድስት መቶ ድምፅ አለው፣ ጋሼ! ለጀማሪ እንዲህ ያለ አይገኝም» ይላል።

ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ። ፒያኖ ልማር ብዬ የተነሣሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ማዕረጉ ይገባኛል። ያልገባኝ ስድስት መቶው ድምፅ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ድምፅ ነበር፤ የፒያኖ ድምፅ።

የእነዚህ ድምፆች መሠረት እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ፣ ጀነራል ሚዲ የሚባል ዝርዝር ነው። 128 ድምፆችን በተራ ቁጥር ያስቀምጣል። አንደኛው ፒያኖ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም። ነገሩ የሚመጣው ወደ ታች ሲወረድ ነው። 124ኛው የወፍ ጩኸት ነው፣ 125ኛው የስልክ ጥሪ፣ 126ኛው ሄሊኮፕተር፣ 127ኛው ጭብጨባ፣ 128ኛው ተኩስ። በተራ ላነበበው ሰው የአንድ መፈንቅለ መንግሥት ሙሉ ትረካ ነው። ማለዳ ወፍ ይንጫጫል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሄሊኮፕተር ያርፋል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኛም እናውቀዋለን። ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ቤቱ የገባ ጀማሪ መቼም አይሰለችም። ፒያኖ ግን አይማርም።

ባለሱቁን አልወቅስም። የሚሸጠው ሁላችንም የምናምነውን ነገር ነው። ጀማሪ ቶሎ ይሰለቻል፣ ስለዚህ ማጫወቻው ይብዛለት፤ ጀማሪ ነገ ይተወዋል፣ ስለዚህ ርካሹ ይበቃዋል እንላለን። ከሻጭ እስከ ዘመድ አዝማድ ጀማሪን የሚያየው እንደ ጊዜያዊ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ጀማሪ ሲገዛ እንደማይተው ሰው አስቦ ይግዛ፤ ያለችውን ገንዘብም ዓይን በሚቆጥረው ላይ ሳይሆን ጣት በሚሰማው ላይ ያውላት።

ይህን ያልኩት ለጎረቤቴ ነበር፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ልጄ፣ በግ ሳይጠብቅ ከብት የጠበቀ እረኛ የለም» አሉኝ። «በትንሹ ጀምር፣ ስትችል ወደ ትልቁ ትሸጋገራለህ።» አነጋገራቸው ያምራል፤ እንኳን እኔን ባለሱቁንም ያሳምናል። ችግሩ ኪቦርድና ፒያኖ የአንድ ዕቃ ትንሽና ትልቅ አለመሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጣሊያናዊ በምስክርነት ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ በፍሎሬንስ ከተማ ለሜዲቺ መሳፍንት የሚሠራ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። በዘመኑ የነገሠው ሀርፕሲኮርድ ክሩን እየቆነጠረ የሚጮህ መሣሪያ ስለነበረ፣ ቁልፉን ቢዳብሱትም ቢደበድቡትም የሚወጣው ድምፅ መጠኑ ያው ነው። ክሪስቶፎሪ መቆንጠጫውን አስወግዶ በቦታው ትንሽ መዶሻ አስገባ። ቁልፉ ሲነካ መዶሻው ተወርውሮ ክሩን ይመታል፤ መትቶም ወዲያው ይመለሳል። ቀስ ብሎ ለነካ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ በኃይል ለነካ በኃይል ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ የፒያኖ ትምህርት ማለት ከሞላ ጎደል ያንን መዶሻ በጣት መግራት ነው።

እኔ የምሟገትለት ዲጂታል ፒያኖ ክር የለውም። የሚያሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛ ፒያኖ ላይ የተቀዳ ድምፅ ነው። ከቁልፎቹ ሥር ግን የመዶሻውን ሥራ የሚሠራ ክብደት ተቀምጧል፤ ቁልፉ በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ የሚለኩ ሴንሰሮችም አሉ፤ ድምፁ የሚጎላውና የሚለሰልሰው በዚያ ልክ ነው። በደህናዎቹ ላይ በግራ በኩል ያሉት የወፍራም ድምፅ ቁልፎች ከበድ፣ በቀኝ ያሉት ቀለል ይላሉ፤ እውነተኛውም ፒያኖ እንዲሁ ነው። ባለሱቁ ካወረደልኝ ኪቦርድ ቁልፎች ሥር ያለው ግን ስፕሪንግ ብቻ ነው። ሲነኩት እሺ ይላል፣ ሲለቁት ፈንጠር ብሎ ይመለሳል፤ ጣትን የሚከራከረው ነገር የለም። ስፕሪንግ የለመደ ጣት አንድ ቀን እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀርብ ገሚሱን ኖታ አየር ላይ ያስቀረዋል። ያኔ «ወደ ትልቁ መሸጋገር» የተባለው ነገር እንደገና ከሀ መጀመር ሆኖ ይገኛል።

የእህቴ ልጅ በዚህ አይስማማም። እሱ በቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ የሚጫወት አገልጋይ ነው፤ ስለዚህ በቤተሰባችን ውስጥ የሙዚቃ ጉዳይ ሁሉ ወደ እሱ ይመራል። «ጋሼ፣ ትራንስፖዝ ከሌለው እንዳትገዛ» አለኝ። ትራንስፖዝ ማለት ዘማሪው ከፍ ብሎ ቢጀምር ዝቅ ብሎ ቢጀምር፣ ተጫዋቹ አንዲት መጫኛ ነካ አድርጎ በለመደው ቁልፍ ላይ እንዲገላገል የሚያደርግ ጸጋ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ሠርግና አገልግሎት ለሆነ ሰው ኪቦርድ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ከበሮው፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ይመጣለታል። እኔን የሚጠብቀኝ ግን ሙሽራም ዘማሪም የለም። ደግሞም ትራንስፖዝ በብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ላይም አለ። ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ዝም ያለው ግን አዲስ ክርክር እስኪያገኝ ነበር።

አገኘም። «ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፤ ታዲያ 88 ቁልፍ ምን ይሠራልሃል?»

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከ88ቱ ቁልፎች 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል፤ ሁለትና ሦስት ደግሞ አምስት ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ እየመረጠ ቢነካካ የትልቁ ትዝታ ድምፆች ይወጡለታል። እንግዳ ሲመጣ ሁለት ሦስቴ ነካ አድርጎ «እየሞካከርኩ ነው» ማለት ይቻላል፤ ይህን ምክር በነፃ ነው የምሰጠው። ነገር ግን አምስቱ ድምፅ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይቀመጥም፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይደጋገማል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ያቆዩልን ሙዚቃ ከአገራችን ቅኝት ጋር የተዋደደ የፒያኖ ሙዚቃ ነው። የግራ እጅ የራሱ አገር ያስፈልገዋል። በ61 ቁልፍ ላይ ሁለቱ እጆች ቀስ በቀስ እየተጠጉ የድንበር ጥያቄ ያነሣሉ።

የእህቴ ልጅ የመጨረሻ ጥይቱ ኃይሉ መርጊያ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን ታክሲው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት አውጥቶ ይለማመድ ነበር። «በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ!» አለኝ። ልክ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ያኮራል። ግን ኃይሉ ታክሲው ውስጥ የገባው እጁን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እሱ ትንሹን መሣሪያ ትልቅ ያደርገዋል፤ እኔ ደግሞ ትልቁንም ቢሰጡኝ ለጊዜው ትንሽ ነው የማደርገው።

«ታዲያ እውነተኛውን ፒያኖ ለምን አትገዛም?» የሚል ሰው ካለ፣ እሱ የእኛን ደረጃ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ግድግዳ የሚደገፈው ዓይነት ፒያኖ 200 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከ200 በላይ ክሮቹ በየጊዜው በባለሙያ መቃኘት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁን እስከ ዝምታ ዝቅ የሚያደርግ መጫኛ የለውም። ዲጂታሉ የጆሮ ማዳመጫ ይቀበላል፤ ይህ ብቻውን የጎረቤት ፍቅርን ያተርፋል። ባለቤቴ ከውጭ የምትሰማው የቁልፎቹን ዱብ ዱብታ ብቻ ነው። ታች ያሉት ጎረቤቶች ሽንኩርት የሚከተፍ መስሏቸው ደግስናል ወይ ብለው ጠይቀዋታል።

ከቁልፉ ክብደት ቀጥሎ ሻጮች የሚወዱት ቁጥር ፖሊፎኒ ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ አብሮ ማሰማት ይችላል ማለት ነው፦ 64፣ 96፣ 128፣ 256። እግዜር የሰጠኝ ጣት አሥር ነው፤ 256ቱን ማን ሊነካልኝ ነው? ነገሩ ያለው ፔዳሉ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የተነኩት ድምፆች ሳይጠፉ እየተደራረቡ ይቆያሉ፤ መሣሪያው ቦታ ሲያጣ የቆየውን ድምፅ ቆርጦ ለአዲሱ ይሰጣል። ከባድ ነገር ለሚጫወት ሰው ይህ ይሰማዋል። ለጀማሪ 64 ይበቃል፤ 128 ከሆነ ምቾት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ቁጥር ብቻ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

አንድ ወጥመድም አለ። ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፉ ከባድ፣ ዋጋው የሚያስገርም ዕቃ ገበያ ላይ ያጋጥማል። አንድ ወዳጄ ደስ ብሎት ገዛ፤ ቤቱ ወስዶ ሰካው፤ መብራቱ በራ፤ ድምፅ የለም። የገዛው ሚዲ ኮንትሮለር የሚባለውን ነበር። እሱ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ ትእዛዝ ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ድምፅም ስፒከርም የለውም። ለስቱዲዮ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ወዳጄም ተጽናንቷል፤ እስካሁን አንድም የተሳሳተ ኖታ ሲጫወት የሰማው የለም።

እንግዲህ ወደ ዋጋው። በዚህ ገበያ ውስጥ ለጀማሪ የሚሆነው ደረጃ የታወቀ ነው። የያማሃ ፒ-145፣ የሮላንድ ኤፍፒ-10፣ የካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ110፣ የኮርግ ቢ2፤ ሁሉም ሙሉ 88 ቁልፍ አላቸው፣ ሁሉም መዶሻ መሳይ ክብደት አላቸው፣ ሁሉም አሜሪካ ውስጥ በ500 ዶላር ዙሪያ ይሸጣሉ። ከዚህ በብዙ ወርዶ «88 ቁልፍ ነው» የሚባል ዕቃ ካጋጠመ ከቁልፉ ሥር ያለው ስፕሪንግ መሆኑን መጠርጠር ነው። ወደ ሺህ ዶላር ሲወጣ የሚሻሻለው ስፒከሩና የቁልፉ ምቾት ነው። ከእነዚህ አራቱ መካከል የቱ ይሻላል ብለው በብርቱ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ሲከራከሩ ሌላው ሰው መለማመድ ይችላል። የብር ዋጋውን አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ፣ በብር የተጻፈ ዋጋ አንባቢው ገጹን ሳይገልጥ ያረጃል።

በዚህ ጊዜ ነው አሜሪካ ያለው ዘመድ ትዝ የሚለው። «11 ኪሎ ብቻ ነው!» ይባላል በስልክ። እውነት ነው፤ ፒ-145 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከአንድ ሻንጣ ግማሽ አይበልጥም። ያልተነገረው ርዝመቱ ነው። 133 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ፤ ይህ ያለ ካርቶኑ እንኳ ከ170 ያልፋል። ስለዚህ ዘመድ ትርፍ ይከፍላል፤ እዚህም ቀረጥ ይጠብቃል። ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዱ የአሜሪካ አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ካልተጻፈበት፣ የመጀመሪያው ኮንሰርት የጭስ ኮንሰርት ይሆናል። አዳፕተሩን ብቻ እዚህ ባለው መለወጥ ይቻላል፤ ቮልቱ፣ አምፔሩና የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መግጠሙን አይቶ ነው። ስለ መብራት ካነሣን አይቀር፣ ከአራቱ ውስጥ ካሲዮው በስድስት ትናንሽ ባትሪም ይሠራል። መብራቱ በወጉ ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ከማንኛውም ፖሊፎኒ ይበልጣል።

ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ተገቢውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እዚያ ነው። ሻጩ «የሴት ዕቃ ነው፣ ንጹህ» ይላል፤ የመኪና ደላሎች ቋንቋ ፒያኖ ድረስ መጥቷል። ባለቤትየዋን ማመስገንና ዕቃውን መፈተሽ አብረው ይሄዳሉ። 88ቱንም ቁልፍ በየተራ አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በኃይል መንካት ነው። በቀስታ ተነክቶ በድንገት የሚጮህ ቁልፍ ካለ ሥሩ ያለው መገናኛ ቆሽሿል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዘግቶ መንካት፤ ያኔ የሚንኳኳው ሁሉ ይጋለጣል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው፣ ፔዳሉ፣ አዳፕተሩ ይታይ፤ መሣሪያውም እንደበራ ትንሽ ይቆይ። በዚህ መሐል ሻጩ መሰልቸቱ አይቀርም። ሠላሳኛው ቁልፍ ላይ ዋጋ መቀነስ የጀመረ ሻጭ አጋጥሞኛል።

«ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ይባላል፤ የፒያኖ ገዢ ግን መጨረሻ ነው የሚያስታውሳት። ሁሉ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ መሣሪያው የሚቀመጥበትም ሰውየው የሚቀመጥበትም የለም። እኔ ቤት ለጊዜው የካውያ ጠረጴዛው ተሹሞ ነበር፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹመቱን ትሽር ነበር። ክርን ከቁልፉ ጋር እኩል ካልሆነ አንገትና ትከሻ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ የማይወዛወዝ ማቆሚያና ቁመቱ የሚስተካከል መቀመጫ ከሒሳቡ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግቡ። አብሮ የሚሰጠው ቀላል የፕላስቲክ ፔዳል ደግሞ ወለል ላይ እየሸሸ ይሄዳል፤ ሙዚቃው ሳያልቅ ሶፋው ሥር ይገባል። ከበድ ያለውን፣ እግር የሚቀበለውን ዓይነት ቀስ ብሎ መግዛት ይቻላል።

እንዲህ ስደማምረው ተገቢ ዋጋ የምለው ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሰውየው ቢተወው፣ ስም ያለው ባለ ክብደት ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ ብዙ ሳይከስር ይሸጣል። ባይተወው ደግሞ ለዓመታት ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። ስድስት መቶ ድምፁ ግን ቢተውትም ባይተውትም ኪሳራ ነው። ቢተውት ገዢ የለውም፤ ባይተውት ሌላ ያስገዛል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶች ለመምህር ሲሉ የተናገሩት ይመስለኛል፤ ገንዘቡን ሁሉ ዕቃ ላይ ያፈሰሰ ሰው ለአስተማሪ የሚከፍለው አይተርፈውም። ከሦስት ብር አንዱን ለአስተማሪ ማስቀረት ከሁለት መቶ ድምፅ ይበልጣል።

እኔም አስቀረሁ። አስተማሪዬ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣች ወጣት ናት። ለመጀመሪያው ቀን ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ፖሊፎኒ፣ ስለ ሴንሰር፣ ስለ መዶሻው ክብደት፣ ስለ 158 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከተጠየቅሁ ስለ ክሪስቶፎሪም ጭምር ለመናገር። መሣሪያውን ቀና ብላ አየችው፤ ሞዴሉን አልጠየቀችም። እጄን አየች።

«ጋሼ፣ ጥፍርዎን ይቁረጡ» አለች።

ጥፍር ካደገ ጣት ቁልፉ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ይንሸራተታል፣ ይንኳኳልም። ከዚህ ሁሉ ጥናትና ሙግት ውስጥ አንድም ሰው ስለዚህ አልነገረኝም። የጥፍር መቁረጫውን ከሰፈር ሱቅ ገዛሁ። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ለፒያኖው ብዬ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቴ እስካሁን ያመሰገነችኝ በእሱ ነው።